ፍጥረትን ስለ ማስተዋል፤ ከሲሜን ተራራና ከጣና ባሕር የሚገኝ ምክር

ምስጋና ኹሉ ሰማይንና ምድርን በልክ ላስገኘ፣ ለእያንዳንዱም ፍጡር መንገዱን ለመራ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

አንተ አስተዋይ አንባቢ ሆይ! በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ዝምታ ገብቷል። ልጅ ከጎንደር ተማሪ ቤት ወደ ደጋው ሲመለስ፣ ሕያዋን ፍጥረታት በረዥም ዘመን ውስጥ እየተለወጡ መጡ የሚለውን ትምህርት በልቡ ይዞ ይመጣል። ለአባቱ ሊነግረው ይፈልጋል፤ ነገር ግን ይፈራል። አባትም ነገሩን ከሰው ሰምቶ፣ «የልጄን እምነት ነጠቁብኝ» ሲል በልቡ ያዝናል፤ ነገር ግን አይጠይቅም። ልጁ፣ «ይህ እውነት ከኾነ የአባቴ እምነት ምን ሊኾን ነው?» ይላል። አባትም፣ «ልጄ ይህን ካመነ ከእኔ ጋር በአንድ ሶፍ ይቆማልን?» ይላል። በሁለቱ መካከል መሶብ ይቀርባል፤ ይበላል፤ ይነሣል፤ የልብ ነገር ግን አይነገርም።

ከእነዚህም ከሁለቱ የባሰ ሦስተኛ ሰው አለ። እርሱም ከትምህርቱ ጥቂት ቃል ቀንጥቦ፣ «የተፈጥሮ ሕግ ኀይለኛው ደካማውን መብላት ነው፤ እንግዲህ እኔም ብበላ ምን ነውር አለብኝ?» የሚለው ነው።

ይህ ምክር ለሦስቱም ነው። ምሳሌዎቹም አብዛኞቹ በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ ዐይን የሚያያቸው፣ እግር የሚደርስባቸው ነገሮች ናቸው። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መኾናቸውን ዕወቅ።

ስለ ዘርና ስለ ወንፊት

የወገራንና የዳባትን ገበሬ ተመልከት። ገብሱን ዐጭዶ፣ በበሬ አበራይቶ፣ በመንሽ ወደ ነፋስ እየወረወረ ካጠራው በኋላ፣ ለምግብ የሚኾነውን ከዘር ይለያል። ፍሬው የሞላውን፣ ውርጭ ያልመታውን መርጦ ለሚመጣው ክረምት ያስቀምጣል። አባቱ እንዲሁ አደረገ፤ አያቱም፣ የአያቱም አያት እንዲሁ አደረጉ። ከዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ ደጋ ገብስ በመልክም በጠባይም እጅግ የበዛ ኾነ። ኒኮላይ ቫቪሎፍ የተባለው የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሰበሰበ፤ አገራችንንም በዓለም የሰብል ዘር ከሚበዛባቸው ማእከላት አንዷ አድርጎ ቈጠራት። በ1976ም እንዲህ ያለው የገበሬ ዘር እንዳይጠፋ የሚጠበቅበት ተቋም በአዲስ አበባ ተመሠረተ።

አኹን ራስህን ጠይቅ። ገበሬው ባይኖርስ ማን ይመርጣል? ውርጩ ራሱ ይመርጣል። በአንድ ማሳ ላይ የበቀሉት ቡቃያዎች ኹሉ አንድ ዐይነት አይደሉም፤ አንዱ ብርድ ይችላል፤ አንዱ አይችልም። ይህም ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ውርጭ በወረደ ሌሊት የማይችለው ደርቆ ይቀራል፤ የሚችለው አፍርቶ ዘሩን ይተዋል። ከብዙ ዘመንም በኋላ ማሳው የቻዮች ልጆች ብቻ ይኾናል። የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለው ይህ ነው። የቻርልስ ዳርዊንና የአልፍሬድ ራስል ዋላስ ሐሳብ በ1858 በለንደን በሊቃውንት ጉባኤ ፊት በአንድነት ተነበበ፤ ዳርዊንም በ1859 በመጽሐፍ አስፋፋው።

ነገር ግን ልብ በል! ወንፊት ዱቄት አይፈጭም፤ የተፈጨውን ይለያል እንጂ። ምርጫም እንዲሁ ነው፤ የቀረበለትን ይለያል እንጂ የሚቀርበውን አያመጣም። እንግዲህ መልክንና ሥርዐትን አስቀድሞ የሚያቀርበው ምንድን ነው? አንዱ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፈው ዘረ መል ውስጥ ጥቂት በጥቂት የሚገባው ለውጥ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ እርሱም ጥቃቅን ነገሮች ያለ አዛዥ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያደራጁበት ጠባይ ነው። ይህን ትረዳ ዘንድ ወደ ንብ ቀፎ ተጠጋ።

ስለ ንብ

ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ በንብ ስም የተሰየመ መኾኑን ታውቃለህ። ይህች ታናሽ ፍጥረት እንድናስተውላቸው ከተጠራንባቸው ምልክቶች አንዷ ናት። የኢትዮጵያን ንብ የመረመሩ ሊቃውንትም ከሌሎች አገሮች ንብ የተለየች መኾንዋን አይተው በ2011 የራስዋን የወገን ስም ሰጧት፤ ስምዋንም «ሲሜንሲስ» አሉት።

ንብ አርቢው በቀፎው ውስጥ ያለችውን ታላቂቱን ንብ «አውራ» ይላታል፤ ኹሉን የምታዝና በኹሉ ላይ የምትፈርድ ትመስለዋለች። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እርስዋ እናት ናት፤ ሥራዋም እንቍላል መጣል ነው። ሠራተኞቹን፣ «አንቺ ወደዚህ ሂጂ፤ አንቺም ይህን ሥሪ» የምትል አይደለችም።

ቀፎው በጠበበ ጊዜ ብዙው መንጋ ከእናቲቱ ጋር ነቅሎ ይወጣል፤ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይም ተንጠልጥሎ ይቈያል። ከዚያም ጥቂት መቶ የሚኾኑ ቃኚዎች ወጥተው የዛፍ ፍልፍል ወይም የገደል ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ቦታ ያገኘችው ተመልሳ በመንጋው ላይ ትጨፍራለች፤ ጭፈራዋም ቦታው በየት በኩል እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። ቦታው ያማረ እንደ ኾነ ደጋግማ ትጨፍራለች፤ ያልተመቸ እንደ ኾነ ቶሎ ትተዋለች። ሌሎቹም ሄደው ቦታውን ያያሉ፤ ካዩም በኋላ ተመልሰው እነርሱም ይጨፍራሉ። እንዲህ እያለ በአንዱ ቦታ የሚሰበሰቡት ቃኚዎች በቂ በኾኑ ጊዜ መንጋው ኹሉ ተነሥቶ ይበርራል። የንብን የጭፈራ ቋንቋ ያነበበው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። መንጋው ቤት የሚመርጥበትንም መንገድ በ1950ዎቹ ዓመታት ተከታትሎ የገለጠው ተማሪው ማርቲን ሊንዳወር ነው።

ተመልከት! ነገሩን ኹሉ የምታውቅ አንዲት ንብ የለችም። እያንዳንዷ የምታውቀው ጥቂት ነው፤ የምትከተለውም ትእዛዝ ትንሽ ነው። ከብዙ ትንሽ ግን አንዲቱም ያላሰበችው ታላቅ ሥርዐት ይወጣል። በራስ መደራጀት የሚባለው ይህ ነው።

የማር እንጀራውንም እይ። በ1999 ቶማስ ሄልስ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ፣ አንድን ሜዳ እኩል ስፋት ወዳላቸው ክፍሎች ለመክፈል ከኹሉ ያነሰ ግድግዳ የሚበቃው ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቅርጽ መኾኑን በሒሳብ አረጋገጠ። ንብ ግን ማስመሪያም የላት፤ ገመድም የላት። እያንዳንዷ ከጐረቤቷ አጠገብ ትሠራለች፤ ሰሙን ትገፋለች፤ የበዛውን ትፍቃለች። ጐረቤቷም ከወዲያ በኩል እንዲሁ ታደርጋለች። ከዚህም መገፋፋት ስድስቱ ማዕዘን ይወጣል። ዳርዊን ራሱ በ1859ኙ መጽሐፉ ይህን መረመረ። ንብ ሰም ለማውጣት ብዙ ማር መብላት አለባት፤ ስለዚህ ሰምን በከንቱ የማያባክነው መንጋ ክፉውን ወራት አልፎ አዲስ መንጋ ለመስደድ ይበልጥ ይችላል ሲል አስረዳ።

እንግዲህ ሁለቱን ሕግጋት በአንድ ቀፎ ውስጥ አየህ። ቅርጹን የሚያቀርበው የብዙዎች ትንሽ ትንሽ ሥራ ነው፤ የቀረበውንም የሚያጸናው ምርጫ ነው። በጎንደር በአዲስ ዓለም ከሸማኔ ጕድጓድ አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ድር ብቻውን ኩታ አይኾንም፤ ማግም ብቻውን ኩታ አይኾንም። በራስ መደራጀት ድሩ ነው፤ የተፈጥሮ ምርጫም ማጉ ነው።

ይህም በንብ ብቻ አይደለም። በ1952 አለን ቱሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ፣ በአካል ውስጥ የሚሰራጩ ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሌላውን እያነሣሣና እየገታ፣ ያለ ሠዓሊ ነጠብጣብና ሸንተረር ሊያወጡ እንደሚችሉ አሳየ። በ1993ም ስቱዋርት ካውፍማን የተባለ አሜሪካዊ በሰፊ መጽሐፍ፣ ምርጫ ብቻውን የሥርዐት ምንጭ አይደለም፤ ምርጫ የሚሠራው አስቀድሞ ራሱን ባደራጀ ነገር ላይ ነው ሲል ተከራከረ። የድሩና የማጉ ድርሻ ምን ያህል እንደ ኾነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ወደ ሲሜንም በወጣህ ጊዜ በሣሩ ላይ ተቀምጦ የሚግጠውን ጭላዳ እይ። አንድ ወንድ ከጥቂት ሴቶችና ከልጆቻቸው ጋር አንድ ቤተ ሰብ ነው። ብዙ ቤተ ሰብ ሲገናኝ በመቶ የሚቈጠር መንጋ ይኾናል፤ ደግሞ ይበተናል፤ ደግሞ ይሰበሰባል፤ ማታም ሌሊቱን ለማሳለፍ ወደ ገደሉ ይወርዳል። በመንጋው ኹሉ ላይ የተሾመ አለቃ ግን የለም።

ስለ ጣና ዓሣ

አኹን ደግሞ ከደጋው ወርደህ በጎርጎራ በጣና ዳር ቁም። የባሕሩ ስፋት ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ከበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። ሊቃውንት ከባሕሩ ሥር ድርብርቡን ጭቃ አውጥተው በመረመሩ ጊዜ፣ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ እንደ ነበረ ዐወቁ። በኋላም ዝናም በርትቶ፣ ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ እንደ ገና ሞልቶ ወደ ዐባይ ፈሰሰ። የጢስ ዐባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል የሚወርድ ስለ ኾነ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። እንግዲህ በባሕሩና በገባሮቹ ወንዞች ያሉት ዓሦች ከበታቻቸው ካለው ዓለም ተለይተው ቀሩ።

ዓሣ አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሉት፣ ሊቃውንትም ላቤዮባርበስ ብለው የሰየሙት ወገን በጣና ውስጥ 15 ያህል ዐይነት ኾኖ ይገኛል። አንዱ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ይበላል፤ አንዱ የውኃ ተክል ይበላል፤ አንዱ ከጭቃው ትልና ነፍሳት ይለቅማል። ከ15ቱም ስምንቱ ሌላውን ዓሣ አሳድደው ይበላሉ። ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውምና፤ ምግቡን የሚሰባብረው በጕሮሮው ባለ ጥርስ ነው። በሌላ ሐይቅ ቢኾን ይህን ሥራ የሚሠሩ ጥርሳም ዓሦች ይኖራሉ፤ በጣና ግን ቦታው ክፍት ነበረ። ከወንዝ የመጣው ዓሣ ልጆች፣ የአፋቸው ቅርጽ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ፊት እያለ፣ ለየምግባቸው ተለያዩ። ሊቃውንት ዝግመተ ለውጥ የሚሉት ይህን ነው።

እነሆ፣ የፋሲል ግንብ ከተሠራ ገና አራት መቶ ዓመት አልሞላውም። እኛም ጥንታዊ እንለዋለን። የጣና ዓሣ ግን ዕድሜው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ የትም ሌላ ቦታ የማይገኝ ሕንጻ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ1830ዎቹ ዓመታት ወደ ሲሜንና ወደ ጎንደር መጥቶ ከእነዚህ ዓሦች አንዳንዶቹን፣ እንዲሁም ጭላዳንና ዋልያን፣ ለውጭው ዓለም ሊቃውንት መጀመሪያ የገለጠ ሰው ነው።

ስለ ደጋ ሰው

አንባቢ ሆይ! ሕጉ በዓሣና በንብ ላይ ብቻ ሠርቶ ሰውን የዘለለ እንዳይመስልህ። በሲሜን በ3530 ሜትር ከፍታ ላይ አምባራስ የሚባል መንደር አለ። በዚያ ከፍታ አየሩ የሳሳ ነው፤ ከቆላ የወጣ እንግዳ ጥቂት ተራምዶ ያለከልካል። በ2002 ሲንቲያ ቤል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ሊቅና ባልደረቦችዋ በአምባራስ የ236 ሰዎችን ደም መርምረው የደረሱበትን አወጡ። በደም ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ በወንዶቹ 15.9፣ በሴቶቹ 15.0 ግራም ኾኖ ተገኘ፤ ደማቸውም ሊሸከም ከሚችለው ኦክሲጅን 95.3 በመቶውን ይዞ ነበር። ይህ በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ነው።

በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ግን የሳሳውን አየር ሄሞግሎቢናቸውን በማብዛት ይቋቋማሉ። በቲቤት የሚኖሩት ሄሞግሎቢናቸው እንደ ቆላ ሰው ነው፤ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን ግን ያነሰ ነው። እንግዲህ ፈተናው አንድ ሲኾን መልሱ ሦስት ኾነ። የኢትዮጵያው ደገኛ አካል ይህን የሚያደርግበትን መንገድ ሊቃውንት ገና ይመረምራሉ።

ይህን ያነሣሁት ደገኛው በቆለኛው ላይ እንዲመካ አይደለም። ይልቁንስ ምርጫው የት እንደሚደረግ አስተውል። የሳሳው አየር ከኹሉ ይልቅ የሚጸናው በእርጉዝ እናትና በጽንስዋ ላይ ነው። ጽንሱን በሰላም ይዛ የምትወልድ እናት፣ የተወለደውም አድጎ የሚወልድ ልጅ፣ እነርሱ ናቸው ዘራቸውን ለሚመጣው ዘመን የሚያሳልፉት። እንግዲህ የምርጫው ስፍራ የጦር ሜዳ ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ ከኹሉ የሚበዛው በእናት ማኅፀንና በአራስ ቤት ውስጥ ተደርጓል።

ስለ ኀይለኛና ስለ ደካማ

አኹን ወደዚያ ወደ ሦስተኛው ሰው እንመለስ። «ኀይለኛው ደካማውን ይበላል» ያልክ አንተ ሆይ! ተፈጥሮን ምስክር አድርገህ ጠራህ፤ እንግዲህ ምስክሩን ስማ።

ጭላዳ ከወገኑ ብቻውን የቀረ ነው። ከእርሱ እጅግ የገዘፈ ዘመዱ በጥንት ዘመን ከደቡብ አፍሪካ እስከ ሰሜን አፍሪካ ተሰራጭቶ ይኖር ነበር። ዛሬ ግን የሚገኘው ዐፅሙ በድንጋይ ውስጥ ብቻ ነው። ግዙፉ ጠፋ፤ አነስተኛው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ሣር እየጋጠ ቀረ። ዋልያም ከአራዊት ኹሉ ኀይለኛ ኾኖ አልተረፈም፤ ሌላው በማይረግጠው የሲሜን ገደል ላይ እግሩ ስለ ጸና ተረፈ። የዋልያ የቅርብ ዘመድ በዐረብ አገርና በቀይ ባሕር ዙሪያ ባሉ ተራሮች የሚኖረው የኑቢያ የዱር ፍየል ነው፤ ያ ለበረሃው፣ ይህም ለውርጩ ተስማማ። ምርጫ የሚጠይቀው፣ «ማን ይበረታል?» ብሎ ሳይኾን፣ «ለዚህ ቦታ ማን ይስማማል?» ብሎ ነው። በንብ መንጋ ውስጥም የሚያተርፈው መበላላት ሳይኾን መተባበር ነው።

ይህም ኹሉ ቀርቶ፣ የተፈጥሮ ሕግ እንዳልከው ጨካኝ ብቻ ቢኾን እንኳ፣ ለሥራህ ፍርድ የሚኾንህ ከምን የተነሣ ነው? ውርጭ ቡቃያን እንደሚገድል ሕፃንንም ይገድላል። ታዲያ ሕፃኑን በጋቢ የማትሸፍነው «የውርጭ ሕግ ነው» ብለህ ነውን? ድንጋይ ከገደል መውደቁ ሕግ ነው፤ ሰውን ከገደል መገፍተር ግን ግፍ ነው። ያለውን ነገር ማወቅ አንድ ነው፤ ሊደረግ የሚገባውን ማወቅ ሌላ ነው። ዘካን ለድኻ፣ ጥበቃን ለየቲም፣ ምርኩዝን ለሽማግሌ ያዘዘ ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቅህ ስለ ውርጭ ሕግ ሳይኾን ስለ እጅህ ሥራ ነው።

ስለ አባትና ስለ ልጅ

አንተ ልጅ ሆይ! ሥርዐት ከትንንሾች ሥራ ያለ አዛዥ ይወጣል የሚለውን በተማርህ ጊዜ፣ «እንግዲህ ፈጣሪ አያስፈልግም» ለማለት አትቸኵል። አንተ ራስህ በእናትህ ማኅፀን አንዲት ሕዋስ ነበርህ። እርስዋ ሁለት ኾነች፤ ሁለቱ አራት ኾኑ፤ ከዚያም እያንዳንዷ ጐረቤቷን እየሰማች አንዷ ዐይን፣ አንዷ ልብ፣ አንዷ አጥንት ለመኾን ሄደች። በውስጥዋ ቆሞ የሚያዝ ግንበኛ አልነበረም። ነገር ግን ይህን ያወቀ አማኝ ሐኪም፣ «እንግዲህ ይህ ሕፃን የአላህ ፍጥረት አይደለም» ይላልን? ሕግን ማግኘት ሕግ ሰጪን መሻር አይደለም። የሕዋሱን ሥራ የሚነግርህ ትምህርት፣ ስለ ሕጉ ባለቤት እንዲፈርድ አልተላከም፤ «የለም» ለማለትም «አለ» ለማለትም መሣሪያው አይደርስም።

አንተም አባት ሆይ! ዝናም ከባሕር ላይ ከሚነሣው እንፋሎት እንደሚመጣ ብታውቅ፣ ስለ ዝናም ዱዓ ማድረግ ትተዋለህን? እምነትህ ደመናው እንዴት እንደሚሠራ ባለማወቅህ ላይ የቆመ አይደለም። እስላም ሰውን ወደ ግመል አፈጣጠር፣ ወደ ተራሮች አተካከል፣ ወደ ምድር አዘረጋግ እንዲመለከት የጠራ ሃይማኖት ነው፤ ለመመልከት የተጠራ ሰው ባየው ነገር ሊፈራ አይገባውም። በ869 ገደማ በበስራ የሞተው አል-ጃሒዝ ስለ እንስሳት ባለ ሰባት ክፍል መጽሐፍ ጻፈ፤ ማን ማንን እንደሚበላ፣ ቦታና አየር እንስሳትን እንዴት እንደሚለውጡ መረመረ። ኢብን ኸልዱንም በ1377 በጨረሰው መቅድሙ፣ ፍጥረት ከማዕድን ወደ ዕፀዋት፣ ከዕፀዋት ወደ እንስሳት በደረጃ የተያያዘ መኾኑን ጻፈ። እነርሱ የተፈጥሮ ምርጫን ዛሬ እንደምናውቀው ዐወቁት አንልም፤ ማየትን ግን አልፈሩም።

ስለ ሰው አጀማመር የሙስሊም ሊቃውንት እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከእነርሱ መካከል ይህን ትምህርት ለእንስሳት ተቀብሎ የአባታችንን የአደምን ነገር የለየ አለ፤ ሙሉውን ከእምነቱ ጋር አስማምቶ የያዘ አለ፤ ያልተቀበለም አለ። ሊቃውንት በተለያዩበት ነገር ልጅህን ከቤትህ አታውጣው፤ ልጅም አባቱን አይናቅ። በመሶቡ ዙሪያ ያለው ዝምታ ይሰበር። ልጁ ያነበበውን ይናገር፤ አባቱም ገብሱን እንዴት እንደሚመርጥ ይናገር። በነገሩ መካከል ከሁለቱ የሚበልጠው ዐዋቂ ማን እንደ ኾነ ለመለየት ይቸግራል።

ስለ ዐደራ

አንባቢ ሆይ! ይህ ኹሉ ነገር የተነገረው ለመደነቅ ብቻ አይደለም። ሥርዐትን ያለ አዛዥ የሚሠሩት ንብና ዓሣ ሥራቸውን አያውቁትም፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ። የሚያውቅ ሰው ይጠየቃል።

ፍጥረት ለቦታው ተስማምቶ የተሠራ ከኾነ፣ ቦታውን ያፈረሰ ሰው ፍጥረቱን አፈረሰ። የጣና ነጭ ዓሣ ከፊሉ ዐይነት በክረምት ማብቂያ እንቍላሉን ለመጣል ከባሕሩ ወደ ገባሮቹ ወንዞች ይወጣል፤ ጠጠርና ጥሩ ውኃም ይፈልጋል። በዚያ ወራት በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የዓመቱን ምርት ብቻ አያጠምድም፤ የሚመጣውንም ዘር አብሮ ያጠምዳል። የወንዙን አሸዋና ጠጠር ያለ ልክ የሚያወጣውም የአራስ ቤቱን ያፈርሳል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እንቦጭ በባሕሩ ላይ ተንሰራፍቶ በተለይ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ አስጨንቋል። በሲሜንም ዩኔስኮ በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጠረ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ይህም ሰው ያበላሸውን ሰው መልሶ ሊጠብቅ እንደሚችል ያሳያል፤ ነገር ግን ጥበቃው በአንድ ቀን ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም።

አስብ! ጣና 15 ዐይነት ዓሣ ለመለየት ብዙ ሺህ ዓመት ፈጀበት። አንድ ትውልድ ግን በስስትና በቸልታ በዕድሜው ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። የጠፋውንም ዘር ንጉሥ በዐዋጅ፣ ሀብታም በገንዘብ፣ ሊቅ በጥበቡ እንደ ቀድሞው አይመልሰውም። በደጋው ላይ ድኻ ገበሬ መኖሩን፣ በባሕሩ ዳር ልጆቹን በመረብ የሚያሳድግ መኖሩን አልዘነጋሁም። ለእነርሱ፣ «ተዉ» ብሎ ብቻ መሄድ ግፍ ነው፤ በመውለጃው ወራት መረባቸውን እንዲያሳርፉ የሚጠይቅ ጎረቤት በዚያ ወራት እንጀራቸውን ሊያስብላቸው ይገባል። የንብ መንጋ ያለ አዛዥ የሚስማማው እያንዳንዷ የራስዋን ትንሽ ድርሻ ስለማትተው ነው። አንተም አዛዥ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ድርሻህን ሥራ።

አላህ ሆይ! ያየነውን የምናስተውል፣ ያስተዋልነውን የምንጠብቅ አድርገን። የአባቶችን ልብ ለልጆች፣ የልጆችንም ልብ ለአባቶች ክፈት። ከደካማው ላይ እጃችንን ሰብስብ፤ በዐደራህም ላይ እጃችንን አጽና። አሚን።